ቅጽበትና ቆይታ፦ በፎቶ ካሜራና በኪስ ቪዲዮ ካሜራ መካከል ስለመምረጥ

ፎቶ ካሜራ ከሚያልፈው ጊዜ አንዲትን ቅጽበት ነጥሎ ያስቀራል፤ ቪዲዮ ካሜራ ጊዜው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ሁለቱ በሱቅ መስታወት ውስጥ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ልዩነታቸው የዋጋና የመጠን ይመስላል። ገዢው ግን ከዋጋ የሚበልጥ ጥያቄ ቀርቦለታል። የሚወደውን ሰው ወይም የኖረውን ቀን ለማቆየት የሚሻለው የቆመ መልክ ነው ወይስ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው እንቅስቃሴ? ፈላስፎች ስለ ጊዜ፣ የሃይማኖት ሊቃውንትም ስለ ሥዕል ካሜራ ከመሠራቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተከራከሩት ነገር በዚህች ትንሽ ምርጫ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ምርጫው በግልጽ ለሁለት የተከፈለበት ዘመን አጭር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፒዩር ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 «ፍሊፕ» የተሰኘውን የኪስ ቪዲዮ ካሜራ ገበያ ላይ አዋለ። ካሜራው ኪስ ውስጥ የሚገባ ሲሆን ከጀርባው ትንሽ ስክሪንና አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አለው። ቀዩ ሲጫን መቅረጽ ይጀምራል፣ ዳግም ሲጫን ያቆማል፤ ከዚያ ውጭ ተጠቃሚው የሚያስተካክለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሲጨርስ ከጎኑ ዩኤስቢውን መዝዞ ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል። ሲስኮ በ2009 ኩባንያውን 590 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት አክሲዮን ገዝቶ በኤፕሪል 2011 ምርቱን አቋረጠ። ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ በዚያን ጊዜ በየሰዉ እጅ እየገባ ነበር።

ያኔ ከጎኑ ይሸጥ የነበረው ተራ ዲጂታል ካሜራ ደግሞ 8 ወይም 10 ሜጋፒክሰል፣ ፍላሽና ዙም ነበረው። ቪዲዮም ይቀርጻል፤ ግን ብዙዎቹ ሲቀርጹ ዙማቸው አይሠራም፣ ድምፃቸውም ደካማ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚሰጡትን በቁጥር ማስተያየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ፍሊፕ የሚቀርጸው እያንዳንዱ ምስል 640 በ480፣ ማለትም 307,200 ነጥብ ነው። ባለ 8 ሜጋፒክሰሉ ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነጥብ ከዚህ 26 እጥፍ ይሆናል። ቪዲዮው በሴኮንድ 30 ምስል እየወሰደ ለአንድ ሰዓት ቢቆይ 108,000 ምስል ይሰበስባል፤ ከነዚህ ሁሉ መካከል በደንብ ታትሞ አልበም የሚገባ አንድ እንኳ አይገኝም።

ልዩነቱ የነጥብ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቴክኖሎጂው ሲሻሻል ጥያቄው ራሱ በቀረ ነበር። ሥሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። የሚሮጥ ልጅን ጥርት አድርጎ ለማንሣት ፎቶ አንሺው መዝጊያውን በሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ያህል ይከፍታል፤ ያን ጊዜ የልጁ እግር አየር ላይ እንዳለ ይቀራል። ቪዲዮ ቀራጭ ግን እያንዳንዱን ምስል በሴኮንድ አንድ ስድሳኛ አካባቢ ያነሣዋል፤ እግሩም በመጠኑ ይደበዝዛል። ድብዛዜው እንደ ጥፋት አይቆጠርም። እያንዳንዱ ምስል ከልክ በላይ ጥርት ካለ እንቅስቃሴው እየተቆራረጠ ይታያል፤ ዓይን አንዱን ምስል ከሌላው ጋር አያይዞ እንደ አንድ እርምጃ የሚያየው በዚያች ድብዛዜ ጭምር ነው። ስለዚህ ጥሩ ቪዲዮ ለብቻቸው ቢታዩ ከሚጣሉ ፎቶዎች የተሠራ ነው። ቅጽበትን አጥርቶ መያዝና ቆይታን መያዝ ከአንዱ ሌንስ የተለያየ ነገር ይጠይቃሉ።

በሁለቱ መካከል መስመር ለማስመር ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የጉምሩክ ሕግ መሆኑ ልብ ይባል። የአውሮፓ ኅብረት 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽን መሣሪያ በቪዲዮ ካሜራ መደብ አስገብቶ ቀረጥ ያስከፍል ስለነበር ብዙ ፎቶ ካሜራዎች በ29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ እንዲቆሙ ሆነው ተሠሩ። አንዲት ሴኮንድ አንዱን ዕቃ ሌላ ዕቃ ታደርገው ነበር። ሕግ አውጪው የተፈጥሮ ድንበር ስላላገኘ የራሱን አኖረ፤ የዘመኑ ካሜራ ሁለቱንም ይሠራልና ድንበሩ ከመሣሪያው ውስጥ አይገኝም። መፈለግ ያለበት ከጊዜ ጋር ባለን ዝምድና ውስጥ ነው።

ፎቶ በመጀመሪያ ቅጽበትን መያዝ አይችልም ነበር። የፎቶ ፈር ቀዳጅ የሆነው ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1838 ከፓሪስ ቤቱ መስኮት ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና አነሣ። ጎዳናው ሠረገላና እግረኛ የማይለየው ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ግን ዛፎቹ፣ ጣሪያዎቹና የድንጋይ ንጣፉ ብቻቸውን ቀርተዋል። ብርሃኑን ለመሰብሰብ ደቂቃዎች ስለሚያስፈልጉ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ምልክት ሳይተው ጠፋ። ከታች በስተግራ በኩል ግን አንድ ሰው ቆሟል፤ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ለሊስትሮ ሰጥቷል። ጫማው እስኪጠረግ ባለበት ስለቆየ ምስሉ ቀረ። በፎቶ ከተያዙ ሰዎች የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ስሙ የማይታወቅ የፓሪስ ነዋሪ ነው።

ያ ሥዕል ሐሰት አይደለም፤ መስኮቱ ፊት የነበረውን ብርሃን በታማኝነት መዝግቧል። ግን ማንም ሰው ጎዳናውን እንደዚያ ባዶ ሆኖ አላየውም። ከ40 ዓመት በኋላ በ1878 ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሌላንድ ስታንፎርድ የፈረስ እርባታ 12 ካሜራ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስን ሲያነሣ የተገላቢጦሹ ሆነ። አራቱም ሰኮና ከመሬት የለቀቀበት ቅጽበት በግልጽ ታየ፤ ይህንንም ከዚያ በፊት የሰው ዓይን ለይቶ አይቶት አያውቅም። ፎቶ በዝግታው ጊዜ የምናየውን ሰው ሰወረ፣ በፍጥነቱ ጊዜ ማየት የማንችለውን አሳየ። በሁለቱም ጊዜ የሰው ልጅ ከሚኖርበት ጊዜ ውጭ ነበር። ሰው የሚኖረው በሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ውስጥም አይደለም፣ ሁሉም ነገር ተደምሮ በጠፋበት በቆመ ጎዳና ውስጥም አይደለም።

ቅጽበት ለብቻዋ አለች ወይ የሚለውን ጥያቄ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኤልያው ዜኖ በቀስት ምሳሌ አንሥቶታል። የተወረወረ ቀስት በእያንዳንዷ ቅጽበት ልኩን የሚያህል ቦታ ይዞ ይገኛል፤ ልኩን የሚያህል ቦታ የያዘ ነገር ደግሞ ቆሟል፤ በሁሉም ቅጽበት የቆመ ነገር እንግዲህ መቼ ተንቀሳቀሰ? ዜኖ ሳያውቀው የገለጸው ፎቶን ነው። አርስቶትል «ፊዚክስ» በተባለው ሥራው የመለሰው ጊዜ ከማይከፈሉ «አሁን»ዎች የተሠራ አይደለም ብሎ ነው። መስመር ነጥብን ከነጥብ በመደርደር እንደማይገኝ ሁሉ ጊዜም አሁንን ከአሁን በመደርደር አይገኝም። ይህ መልስ ትክክል ከሆነ ቪዲዮ ካሜራው በሴኮንድ የሚወስዳቸው 30 ምስሎች የጊዜ ክፍሎች ሊባሉ አይችሉም። ጊዜ ያለፈባቸው ምልክቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ቆይታ አልተቀረጸም።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ በርግሶን በ1907 ባሳተመው «ፈጣሪ ዝግመተ ለውጥ» ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሲኒማ ወሰደው። የሉሚዬር ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1895 ፓሪስ ውስጥ ፊልማቸውን በክፍያ ካሳዩ ገና 12 ዓመት ቢሆን ነው። በርግሶን እንዳለው ፕሮጀክተሩ የቆሙ ሥዕሎችን በተርታ ያሳልፋል፣ እንቅስቃሴውን የሚሰጣቸው መሣሪያው ነው፤ የሰው አእምሮም ዓለምን የሚረዳው በዚሁ መንገድ ነው፤ እውነተኛውን ቆይታ ቆራርጦ ይይዝና ከውጭ እንቅስቃሴ ይጨምርበታል። እውነተኛው ቆይታ ግን እንደ ዜማ ነው፣ ያለፈው ድምፅ በሚመጣው ውስጥ ይኖራል።

በርግሶን ያላያት አንዲት ነገር አለች። ዛሬ ኪስ ውስጥ ያለው ካሜራ ቪዲዮውን የሚያስቀምጠው የሙሉ ሥዕሎች ክምር አድርጎ አይደለም። በኤምፔግ ስልት ጥቂት ምስሎች ብቻ ሙሉ ሆነው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የሚመዘገበው ካለፈው ምን እንደተለወጠ ነው። እናት በር ላይ ቆማ እጇን ስታነሣ ግድግዳው ደግሞ ደጋግሞ አይጻፍም፤ የሚጻፈው የእጇ መነሣት ነው። አብዛኞቹ ምስሎች ከፊታቸው ወይም ከኋላቸው ካለው ጋር ካልተያያዙ ለብቻቸው መልክ የላቸውም። አሠራሩ የተፈለገው ሜሞሪ ለመቆጠብ እንጂ ለፍልስፍና አልነበረም። ቢሆንም ያለፈውን ተሸክሞ የሚሄድ ምስል ከዜኖ ቀስት ይልቅ ወደ በርግሶን ዜማ ይቀርባል።

ወደ ሃይማኖት የሚያሻግረው ደግሞ ቅዱስ አውግስጢኖስ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ መጻፍ በጀመረው «ኑዛዜ» 11ኛ መጽሐፍ ላይ ያለፈው የለም፣ የሚመጣው ገና ነው፣ «አሁን»ም ርዝመት የለውም፤ ታዲያ ጊዜን የምንለካው የት ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ነፍስ ውስጥ የሚል ነው። ምሳሌ ያደረገውም በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር የሚደግም ሰው ነው። ከመጀመሩ በፊት መዝሙሩ ሁሉ በተስፋ ውስጥ አለ፤ ሲደግመው ቃል በቃል ከተስፋ ወደ ትዝታ ይሻገራል፤ የሚያሻግረውም ልቡ ነው። እንግዲህ ያለፈ ነገር የሚኖረው የሚያስበው ሲኖር ነው። ካሜራ አያስብም። ፎቶም ሆነ ቪዲዮ በራሱ ትዝታ ሊሆን አይችልም፤ የሚያስብ ሰው ሲያገኝ ትዝታን የሚረዳ ዕቃ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄም አውግስጢኖስ በከፈተው መንገድ ሲኬድ የትኛው የሰውን ልብ በደንብ ያሠራዋል የሚል ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የሚበቃ አይመስልም፤ ምክንያቱም ሰው ካሜራ የሚያነሣው ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። አንዱ የሆነውን ነገር ለመመስከር ነው፣ ሌላው ከሚወዱት ጋር ለመቆየት።

ምስክርነትን በተመለከተ አንዱ ድርጊት በሁለቱም መሣሪያ የተያዘበት አጋጣሚ አለ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 በሳይጎን ጎዳና የደቡብ ቬትናም ፖሊስ አዛዥ ጄኔራል ንጉየን ንጎክ ሎአን እጁ የታሰረ ምርኮኛን በሽጉጥ ገደለ። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ኤዲ አዳምስ በፎቶ፣ የኤንቢሲው ካሜራማን ቮ ሱ በፊልም አነሡት። ፊልሙ ላይ ምርኮኛው እየተነዳ ይመጣል፤ ጄኔራሉ ወታደሮቹን ገለል በሉ ብሎ በእጁ ይጠቁማል፤ ይተኩሳል፤ ሰውዬው ይወድቃል። ፎቶው ላይ የተዘረጋ ክንድ፣ ሽጉጥና የተጨማደደ ፊት ብቻ አለ። ዓለም ያስታወሰው ፎቶውን ነው፤ አዳምስም በ1969 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። በፊልሙ ላይ ሞት መጥቶ ያልፋል። በፎቶው ላይ ግን ሰውዬው ሁልጊዜ ሊሞት ነው፣ ተመልካቹም ሊያስቆመው የሚችል እየመሰለው ያያል። አዳምስ ኋላ ላይ ፎቶው በጄኔራሉ ሕይወት ላይ ባመጣው ነገር እንዳዘነ ተናግሯል። አንዲት ቅጽበት የአንድን ሰው ዘመን ሁሉ ተክታ ቆማለችና። ከዚያች ቀን በፊት ምን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደበደለ በፎቶውም በፊልሙም የለም። ቪዲዮ ከፎቶ የሚበልጥ እውነት ይዟል የሚሉ ሰዎች ይህን ማሰብ አለባቸው። ቪዲዮም የተቆረጠ ነው፤ ቀዩ ቁልፍ የሚጫንበትና የሚለቀቅበት ጊዜ አለው።

ነገር ግን ቆይታው ራሱ በደል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሜይ 2020 በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት አንዲት የ17 ዓመት ወጣት በስልኳ ቀረጸችው። ዐቃቤ ሕግ በፍርድ ቤት የተከራከረው ፖሊሱ 9 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ሰውዬውን በጉልበቱ ተጭኖ መያዙን ይዞ ነበር። ከዚያ መሀል ማንኛዋም ቅጽበት በፎቶ ብትወጣ፣ ሊያስሩት መሬት ላይ ያዋሉት ሰው ነው ሊባል በቻለ ነበር። የማይታበለው ርዝመቱ ነው። ሰውዬው ይለምናል፣ አላፊ አግዳሚው ይለምናል፣ ጉልበቱ አይነሣም፣ ደቂቃው ይቆጠራል። ፎቶ ይህን ሊመሰክር አይችልም፤ የሌለው ነገር ጊዜ ነውና። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ያለ ሰው መቅረጽ እንጂ መምረጥ አይገባውም፤ ጥሩውን ቅጽበት መጠበቅም የፎቶ አንሺ ጥበብ መሆኑ ቀርቶ ምስክርነትን ማጉደል ይሆናል።

ከሚወዱት ጋር መቆየት ግን በሌላ ሕግ ይሄዳል። ቪዲዮን የሚያይ ሰው የቪዲዮውን ጊዜ ይኖራል፤ 4 ደቂቃ ከሆነ 4 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ የሚወዳትን ፊት በደንብ ልየው ሲል ፊቷ ዞሯል። ፎቶ ፊት ያለ ሰው ግን የራሱን ጊዜ ያመጣል። ለአፍታም ለሰዓትም ሊያየው ይችላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሲከፍት ያው ነው። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1980 በወጣው ስለ ፎቶ በጻፈው መጽሐፉ ላይ የሟች እናቱን እውነተኛ ማንነት ያገኘው በ5 ዓመቷ በተነሣችው አንድ አሮጌ ፎቶ እንደሆነ ይናገራል። በዚያ ዕድሜዋ አያውቃትም፤ ፎቶውንም መጽሐፉ ላይ አላተመውም፣ ለሌላው ሰው ተራ ፎቶ ስለሚሆን። ባርት ያን ፊት ያገኘው ብዙ ፎቶ አንድ በአንድ እያነሣ፣ እያየ፣ እየተወ ነው። የሚያልፍ ምስል እንዲህ ያለውን ፍለጋ አይታገሥም።

ይህን የኢትዮጵያ ለቅሶ ቤት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት በመጀመሪያ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ፎቶው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለመታወቂያ ወይም ለፓስፖርት የተነሣው ጉርድ ፎቶ ነው፤ አንዱ የቤተሰብ አባል ይዞት ወደ ፎቶ ቤት ይሮጣል፣ ጎልቶ ታጥቦ፣ ፍሬም ገብቶ ይመጣል። ጉርዱ ሲነሣ የነበረው ቁም ነገር ጆሮ መታየቱና ጀርባው ነጭ መሆኑ ነበር። አሁን ግን እህት ደረቷ ላይ አስደግፋ ታለቅስበታለች፤ አልቃሽ ወደ እሱ እያየች ታሞግሳለች፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ፊት ለፊቱ ሲቆም ጉልበቱ ይከዳዋል። ቪዲዮ ይህን ቦታ አይተካም። እየተንቀሳቀሰና እየተናገረ ያለ ሰው ፊት ቆሞ «ተነሥ፣ አናግረኝ» ብሎ ማልቀስ አይቻልም። ሐዘን የሚጠራው ዝም ያለውን ነው።

ቪዲዮ የሚሰጠው ነገር ደግሞ ቆይቶ ይፈለጋል። ከአርባና ከሙት ዓመት በኋላ ቤተሰብ የሚናፍቀው ሟች «እንግዲህ ተጫወቱ» ሲል የነበረውን ድምፁን፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው የሚመልስበትን መንገድ፣ ሳቁ ከመምጣቱ በፊት ያለችውን ዝምታ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ሆኖ የእናቱን ቀብር በቪዲዮ ብቻ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከቀብሩ ቀረጻ ይልቅ ልቡን የሚነካው እናቱ ሳታውቅ ቡና ስታፈላ የተቀረጸች የ40 ሴኮንድ ቪዲዮ ናት። ቆይታን የሚወዱ ነገሮች ትንንሾቹ ናቸው። የ5 ሰዓት የሰርግ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ታይቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የሰርጉ አልበም ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከቡናው በፊት ይወጣል። ለመቆየት የሚቀረጽ ቪዲዮ አጭር ቢሆን፣ ሰዎቹም ሥራቸው ላይ እንዳሉ ቢያዙ የተሻለ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅጽበትንና ቆይታን ከጥንት ጀምሮ ለየብቻ አስቀምጣቸዋለች። ሥዕለ አድኅኖ ቆሟል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የእመቤታችን ሥዕል ክብር ሲሰፋ፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮንም ሲሠራ የነበረው እንዲህ ያለውን የማይንቀሳቀስ ፊት ነው። ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ምእመኑን ፊት ለፊት ያያሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። መጋረጃው ተገልጦ ሥዕሉ ሲታይ ጸሎተኛው ለፈቀደው ያህል በፊቱ ይቆማል፤ ጊዜው የእሱ ነው። ቅዱስ ያሬድ የሠራው ዜማ ግን ከቆመ አይኖርም፤ የሚኖረው ሲያልፍ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት የቆመ ሰውም ጊዜውን ለዜማው ሰጥቷል። ስለዚህ የቅዳሴ ፎቶ ቅዳሴውን አይነግርም፣ የሥዕለ አድኅኖ ቪዲዮም በሥዕሉ ላይ የሚጨምረው የለም። በመካከል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ከፍለው የሚሥሉት ሠዓሊዎች ታሪኩን ከፎቶም ከቪዲዮም በተለየ ስልት ያስኬዱታል፤ ተመልካቹ በፈለገበት ክፍል ቆሞ ይቆያል፣ ሲፈልግ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ክርክሩ ራሱ በቆመና በሚንቀሳቀስ ምስል መካከል ሆኖ መምጣቱ ይበልጥ ያስገርማል። ነፍስ ያለውን ፍጡር መሣል የፈጣሪን ሥራ መኮረጅ ነው የሚለውን ክልከላ ይዘው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ ባኺት አል-ሙጢዒ ፎቶ አላህ የፈጠረውን ጥላ መያዝ እንጂ አዲስ መሣል አይደለም ብለው ፈቅደዋል። ሌሎች አልተቀበሏቸውም፤ መስታወት ላይ ያለ ምስል ሰውየው ዘወር ሲል ይሄዳል፣ ፎቶ ግን ይጸናል፤ የጸና ነገር ደግሞ ሥዕል ነው ብለዋል። በ2001 ያረፉት ሳዑዲያዊው ሼኽ ሙሐመድ ኢብን ዑሠይሚን የቪዲዮ ካሴትን ከዚህ ለይተውታል፤ ካሴቱን አውጥቶ ቢያዩት በላዩ ላይ ምንም መልክ የለምና። በዚህ አስተያየት ከሁለቱ ካሜራዎች ጥንቃቄ የሚያሻው ፎቶው ነው። ሊቃውንቱ ያነሡት ነጥብ ለማያምንበትም ሰው ይጠቅማል። ፎቶ የሚጸና ስለሆነ ሊመለክ፣ ሊንጠለጠል፣ ሊከበር፣ ሊፈራ ይችላል፤ የሚያልፍ ምስል በባሕርዩ ለዚያ አይመችም።

ዛሬ ሁለቱ ካሜራዎች በአንድ ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ፎር ኬ የሚባለው ቪዲዮ እያንዳንዱ ምስሉ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ስላለው ከቪዲዮ ውስጥ ፎቶ መልቀም ይቻላል፤ አፕል ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ቁልፉ ከመነካቱ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ ሴኮንድ ተኩል አብሮ የሚያስቀር ፎቶ በስልኮቹ ላይ አስገብቷል። ሁሉን ቅረጽ፣ በኋላ ትመርጣለህ የሚል መሣሪያ ነው። ያን «በኋላ» ግን ብዙ ሰው አያገኘውም። ከዚህም በላይ፣ ቁልፉን በገዛ ፈቃዱ በአንዲት ቅጽበት የተጫነ ሰው ያን ጊዜ እዚያ ነበረ፤ ዓይኑ የሚያነሣውን ሰው ፊት ይጠብቅ ነበር፣ ልቡም «አሁን» ብሏል። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ የሚታወቅበት ሐሳብ ይኸው ነው። በኋላ ከስክሪን ላይ የተለቀመ ምስል ያንኑ መልክ ሊይዝ ይችላል፤ የማየቱን ሥራ ግን አልያዘም። በልጅ ልደት ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለ20 ደቂቃ የቆመ አባት ሻማው ሲጠፋ በስክሪን በኩል ነው ያየው፤ ሁለት ሦስት ፎቶ አንሥቶ ስልኩን ኪሱ ያስገባው አባት ግን ከልጁ ጋር አጨብጭቧል።

የሚቀረው የማስቀመጥ ነገር ነው፤ በዚህ በኩል ቪዲዮ ደካማ ነው። የታተመ ፎቶ ለማየት ብርሃንና ዓይን ይበቃል። ቪዲዮ ያለ መሣሪያ ምንም አይደለም። በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ የ1990ዎቹ ሰርግና ክርስትና የተቀረጸባቸው የቪኤችኤስ ካሴቶች ዛሬም ቁም ሣጥን ላይ አሉ፤ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በጁላይ 2016 ምርቱን አቁሟል። ማግኔቱም ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ካሴት ያለው ቤተሰብ ማጫወቻ በሚገኝበት ዘመን ወደ ዲጂታል ማስገልበጥ፣ ፋይሉንም ከአንድ በላይ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከውስጡም የአያትን ፊት በአንዲት ምስል አውጥቶ በወረቀት ማሳጠብ ይኖርበታል። ምስሉ ደብዛዛ ይወጣል፤ ለልጅ ልጆቹ ግን ፊቱን ያሳያል፣ ድምፁንም ቪዲዮው ያሰማቸዋል።